ማኅበራዊ ዕልባት፦ ምንነቱ፣ አሠራሩና ለመምህር የሚሰጠው ጥቅም

መግቢያ

በአሁኑ ጊዜ ለትምህርት የሚረዳ ነገር ከኢንተርኔት ማግኘት ብዙም አያስቸግርም። የሚያስቸግረው ያገኙትን ሳይጥሉ ማቆየት ነው። «ሊንኩን ላክልኝ» መባባል የየዕለት ቋንቋችን ሆኗል፤ ይላካልም። ነገር ግን የተላከው ሊንክ ከሦስት ወር በኋላ ሲፈለግ ይገኛል ወይ? ቢገኝስ ይከፈታል ወይ? ቢከፈትስ ለየትኛው ክፍልና ለየትኛው ትምህርት ተብሎ እንደተላከ የሚያስታውስ አለ ወይ?

እነዚህ ለዕጩ መምህር የቅንጦት ጥያቄዎች አይደሉም። ዛሬ በአንድ ክፍል ተቀምጠው የሚማሩ ሠልጣኞች ነገ ተመርቀው በየወረዳው ይበተናሉ። በተመደቡበት ትምህርት ቤት የቤተ መጻሕፍቱ መደርደሪያ ባዶ ሊሆን፣ ኔትወርኩም በቀን ለጥቂት ሰዓት ብቻ ብቅ ሊል ይችላል። ያን ጊዜ የሚያዋጣው በሥልጠናው ወቅት በጋራ የተጠራቀመና በሥርዓት የተቀመጠ ስንቅ ነው። ስለዚህ «ማኅበራዊ ዕልባት» የተባለው አሠራር እንዴት እንደተጀመረ፣ እንዴት እንደሚሠራ፣ ምን እንደገጠመውና እኛ ከእሱ ምን መውሰድ እንደምንችል በተራ በተራ እንመለከታለን። የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።

ሀ. ዕልባት ሲባል ምን ማለት ነው?

ዕልባት የቆየ ቃላችን ነው። አንባቢ የደረሰበት ገጽ እንዳይጠፋው በመጽሐፍ መካከል የሚያደርገው ክር፣ ወረቀት ወይም ሌላ ምልክት ዕልባት ይባላል። በብራና መጻሕፍትም ላይ የሚፈለገው ክፍል ቶሎ እንዲገኝ በገጹ ዳር ባለቀለም ክር ተሰፍቶ ይታያል። ብራውዘር የተባለው፣ ድረ ገጽ የምንከፍትበት ፕሮግራምም ይህንኑ ሥራ ይሠራል። የወደድነውን ገጽ አድራሻ ይመዘግብልናል፤ ስንፈልገው ተጭነን እንከፍተዋለን።

ታዲያ የግል ዕልባት ጉድለት አለው። ባለቤቱን ብቻ ይጠቅማል እንጂ ጎረቤቱን አይጠቅምም። ቀድሞ ደግሞ ምልክቱ የሚኖረው በተደረገበት ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነበር። ኮምፒውተሩ ሲበላሽ ዕልባቱም አብሮ ይሄዳል። ማኅበራዊ ዕልባት ይህን ለማረም የመጣ አሠራር ነው። ሦስት ነገሮችን አጣምሮ ይይዛል፤ ይኸውም፦

1ኛ. አድራሻው በግል ኮምፒውተር ሳይሆን በአንድ የጋራ ድረ ገጽ ላይ ይመዘገባል፤

2ኛ. አስቀማጩ ስለ ገጹ ይዘት በራሱ አባባል መለያ ቃልና አጭር ማስታወሻ ይጽፍለታል፤

3ኛ. የተመዘገበውን ሌሎች ሰዎች ያዩታል፣ ይፈልጉበታል፣ ወደ ራሳቸው ዝርዝርም ይወስዱታል።

ለ. አጀማመሩ

አሠራሩን በዓለም ያስተዋወቀው ዴሊሸስ የተባለው ድረ ገጽ ነው። መሥራቹ ጆሹዋ ሻክተር ይባላል፤ አሜሪካዊ ነው። ሻክተር በኢንተርኔት ላይ ያገኛቸውን በሺህ የሚቆጠሩ አድራሻዎች በአንድ ተራ የጽሑፍ ፋይል ውስጥ ያጠራቅም ነበር። ዝርዝሩ ሲረዝምበት ግን የሚፈልገውን ማግኘት አቃተው። ስለዚህ ከእያንዳንዱ አድራሻ ጎን ጉዳዩን የሚያመለክት አንድ ሁለት ቃል መጻፍ ጀመረ። በኋላ ቃሉን ሲፈልግ አድራሻዎቹ ተሰብስበው ይመጡለታል። ዘዴው ይኼው ነው፤ ሌላ ምሥጢር የለውም። በ2003 ይህንኑ ማንም ሰው እንዲጠቀምበት አድርጎ በድረ ገጽ መልክ አወጣው።

ዴሊሸስን በታኅሣሥ 2005 ያሁ የተባለው ትልቅ ኩባንያ ገዛው። በ2008 መጨረሻ ላይ ከ5.3 ሚሊዮን በላይ ተጠቃሚዎችና 180 ሚሊዮን የተለያዩ አድራሻዎች እንዳሉት ተገልጾ ነበር። በእነዚያ ዓመታት ተመሳሳይ ድረ ገጾች አከታትለው ተከፈቱ። ለተመራማሪዎች የጥናት ጽሑፎችን የሚመዘግቡት ሳይትዩላይክና ኮኖቲያ በ2004 ተጀመሩ። በ2006 የመጣው ዲጎ ደግሞ ገጹን ከመመዝገብ አልፎ የተመረጠውን አንቀጽ በቀለም ማስመርና በዳሩ ላይ ማስታወሻ መለጠፍ ስለሚያስችል መምህራን ወደዱት። አንድ ክፍል ተማሪ ያንኑ ጽሑፍ እያነበበ በዳሩ ላይ መወያየት ቻለ።

ሐ. የመለያ ቃል ጥቅም

በቤተ መጻሕፍት አንድ መጽሐፍ በአንድ ጊዜ የሚቀመጠው በአንድ መደርደሪያ ላይ ብቻ ነው። ሜልቪል ዲዊ በ1876 ባወጣው የአመዳደብ ሥርዓት ትምህርት 370፣ ሒሳብ 510 ቁጥር ይሰጣቸዋል። የአንደኛ ደረጃ የሒሳብ ማስተማሪያ መጽሐፍስ ከየትኛው ይግባ? ባለሙያው አስቦ 372.7 ላይ ያስቀምጠዋል። ሥርዓቱን የሚያውቅ ሰው ያገኘዋል፤ የማያውቅ ግን 510 ላይ ሲፈልግ ውሎ ባዶ እጁን ይመለሳል።

መለያ ቃል፣ በተለምዶ ታግ የምንለው፣ ከዚህ እስር ነፃ ነው። አንዱ ገጽ «ሒሳብ»፣ «ክፍልፋይ»፣ «ጨዋታ» የሚሉ መለያዎች በአንድነት ሊኖሩት ይችላል። በየትኛውም በኩል የመጣ ሰው ያገኘዋል። ቃሉን የሚመርጠውም ባለሙያ ሳይሆን ራሱ ተጠቃሚው ነው። ቶማስ ቫንደር ዋል የተባለ ሰው በ2004 ለዚህ አሠራር «ፎክሶኖሚ» የሚል ስም አወጣለት፤ በእኛ አነጋገር «የሕዝብ ምደባ» ብንለው ያስኬዳል።

«ሁሉም ያሻውን ቃል ከጻፈ ትርምስ አይሆንም ወይ?» የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። ስኮት ጎልደርና በርናርዶ ሁበርማን የተባሉ ተመራማሪዎች የዴሊሸስን መዝገብ መርምረው በ2006 ያሳተሙት ጥናት ለዚህ መልስ አለው። አንድን ገጽ ወደ 100 ያህል ሰዎች ከመዘገቡት በኋላ የእያንዳንዱ መለያ ቃል ድርሻ ብዙም የማይለዋወጥ ሆኖ አግኝተውታል። ምክንያቱንም ሲያስረዱ፣ በአንድ በኩል ሰዎች ከእነሱ በፊት የተጻፈውን አይተው ይከተላሉ፤ በሌላ በኩል ደግሞ ስለ ጉዳዩ የጋራ ዕውቀት አላቸው ይላሉ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው፣ የአንዱ ሰው ቃል ቀጭን ቢሆንም የመቶው ቃል ሲደራረብ መንገድ ያሳያል።

እነዚሁ ተመራማሪዎች ሌላም ነገር አስተውለዋል። አንዳንዱ መለያ ለጋራ የሚጠቅም አይደለም። «በኋላ የማነበው» ወይም «የእኔ» የሚል መለያ ለጻፈው ሰው እንጂ ለሌላው ምንም አይነግረውም። እንግዲህ መለያ ስንጽፍ «ይህን ቃል ከእኔ ሌላ ማን ይፈልገዋል?» ብለን መጠየቅ አለብን ማለት ነው።

መ. የፊደላችን ጉዳይ

በአማርኛ መለያ ቃል ስንጽፍ ሌሎች እምብዛም የማያውቁት ችግር ይገጥመናል። «ሥነ ጽሑፍ» የሚለውን ቃል እንውሰድ። ሥ ወይም ስ፣ ጽ ወይም ፅ፣ ሑ ወይም ሁ ወይም ኁ ተብሎ ሊጻፍ ይችላል። 2 በ2 በ3 ብናባዛው ለአንዱ ቃል 12 አጻጻፍ ይሆናል! ስናነበው ድምፁ አንድ ነው። ለኮምፒውተር ግን እያንዳንዱ ፊደል የተለየ ቁጥር ያለው ምልክት ስለሆነ፣ ፊደላቱን እንዲያመሳስል ካልተሠራ በቀር 12ቱን እንደ 12 ቃል ይቆጥራቸዋል። አንዷ «ሥነ ጽሑፍ» ብላ ያስቀመጠችውን ሌላው «ስነ ፅሁፍ» ብሎ ሲፈልግ «የለም» ይባላል። ዕቃው አለ፤ በሩ ግን ተዘግቷል።

ሁለተኛው ችግር ክፍት ቦታ ነው። በዴሊሸስ ላይ መለያዎች የሚለያዩት በክፍት ቦታ ስለነበር ሁለት ቃል ያለው ስም ለሁለት ይቆረጥ ነበር። ዛሬ ቴሌግራም ላይ # ምልክት አስቀድመን ስንጽፍም ክፍት ቦታው ላይ መለያው ያበቃል። ስለዚህ ሁለቱን ቃላት በሥር መስመር አያይዞ #ሥነ_ጽሑፍ ብሎ መጻፍ ያስፈልጋል።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። አንድ ቡድን ሥራ ከመጀመሩ በፊት 20 ወይም 30 የሚሆኑ መለያ ቃላትን አጻጻፋቸውን ወስኖ በአንድ ወረቀት ላይ ያስፍር። የትኛው ፊደል ትክክል ነው የሚለውን ክርክር ለቋንቋ ክፍለ ጊዜ ይተወው። እዚህ ላይ ዋናው ነገር ሁሉም አንድ ዓይነት መጻፉ ነው።

ሠ. ብዙ ሰው የወደደው ሁሉ ትክክል ነውን?

ከማኅበራዊ ዕልባት ጎን ለጎን አድራሻ የሚያቀርቡበትና ድምፅ የሚሰጡበት ድረ ገጾች ተነሡ። ዲግ በ2004፣ ሬዲት በ2005 ተመሠረቱ። አንባቢው የቀረበውን ገጽ ከወደደው ድምፅ ይሰጠዋል፤ ብዙ ድምፅ ያገኘ ወደ ፊተኛው ገጽ ይወጣል። ሐሳቡ መልካም ነው። ሆኖም በዲግ ላይ እርስ በርሳቸው እየተደጋገፉ ድምፅ የሚሰጣጡ ጥቂት ትጉ ተጠቃሚዎች ፊተኛውን ገጽ ተቆጣጠሩት የሚል ቅሬታ በረታ። በነሐሴ 2010 ድረ ገጹ አሠራሩን ከሥር መሠረቱ ሲለውጥ ደግሞ ብዙ ተጠቃሚዎች ተቆጥተው ወደ ሬዲት ሄዱ። ዲግ በ2012 ለሌላ ኩባንያ ተሸጠ።

ከዚህ የምንማረው ድምፅ የሚለካው መወደድን እንጂ እውነትን አለመሆኑን ነው። ለተራ አንባቢ ይህ ትንሽ ነገር ሊመስል ይችላል። ለመምህር ግን ትልቅ ነው፤ መምህር ያካፈለውን 50 ልጆች በደብተራቸው ይገለብጡታልና። የተሳሳተ የሰውነት ክፍል ሥዕል ወይም የተዛባ ካርታ 1,000 ሰው «ወድጄዋለሁ» ቢለውም ስሕተትነቱን አይተውም። ስለዚህ ከማካፈል በፊት ማን ጻፈው? መቼ ጻፈው? ከምን ተነሥቶ ነው እንዲህ ያለው? በሥርዓተ ትምህርቱ መጽሐፍ ካለው ጋር ይስማማል ወይ? ብሎ መመርመር የመምህሩ ግዴታ ነው።

ረ. ድረ ገጹ ሲዘጋስ?

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ እንምጣ። በታኅሣሥ 2010 ያሁ ዴሊሸስን ሊያቋርጥ ካሰባቸው አገልግሎቶች ጋር እንደመደበው የሚያሳይ የውስጥ ሰነድ አፈትልኮ ወጣ። ለዓመታት ያጠራቀሙትን ያስቀመጡ ሰዎች ደነገጡ፤ ዝርዝራቸውን እየገለበጡ ወደ ሌላ ቦታ ሮጡ። በ2011 ያሁ ድረ ገጹን ሸጠው። ከዚያም በ2014፣ በ2016ና በ2017 እንደገና ከእጅ ወደ እጅ ተላለፈ። ከ2005 እስከ 2017 ባሉት 12 ዓመታት ውስጥ አምስት ጊዜ ባለቤት ቀየረ ማለት ነው። በመጨረሻ የገዛው ፒንቦርድ የተባለው ተፎካካሪው ሲሆን፣ የከፈለውም 35,000 ዶላር ነበር። ከሰኔ 2017 ጀምሮ አዲስ ነገር መመዝገብ ቀረ።

ይህ ዕጣ የዴሊሸስ ብቻ አይደለም። ኮኖቲያ በ2013፣ ስተምብልአፖን በ2018፣ ሳይትዩላይክ በ2019፣ ጉግል ቡክማርክስ በ2021 ተዘግተዋል። ገጾችን በኋላ ለማንበብ የሚያስቀምጠው ፖኬትም በሐምሌ 2025 ሥራውን አቁሟል። ምክንያቱ ብዙም አያስደንቅም። ድረ ገጹ የሚኖርባቸው ኮምፒውተሮች፣ መብራቱና ሠራተኛው ወጪ አላቸው፤ ተጠቃሚው ግን ባብዛኛው አይከፍልም። ባለቤቱ ከማስታወቂያም ሆነ ከሌላ የሚያገኘው ገቢ ወጪውን ካልሸፈነለት፣ ወይም ትኩረቱን ወደ ሌላ ሥራ ካዞረ ይዘጋዋል። በሰው ቤት የተቀመጠ ዕቃ በባለቤቱ ፈቃድ ይኖራል።

ዕልባቱ ቢተርፍ እንኳን የተመለከተው ገጽ ራሱ ሊጠፋ ይችላል። ፒው የተባለው የአሜሪካ የጥናት ማዕከል በ2024 ባወጣው ጥናት፣ በ2013 ከነበሩት ድረ ገጾች መካከል 38 በመቶው ከአሥር ዓመት በኋላ የማይከፈቱ ሆነው ተገኝተዋል። ከ100 ሊንክ 38ቱ ባዶ በር ሆኑ ማለት ነው። ለዚህ ከፊል መድኃኒት የሚሆነው በ1996 የተመሠረተው ኢንተርኔት አርካይቭ ነው። ዌይባክ ማሽን በሚባለው አገልግሎቱ የድረ ገጾችን ቅጂ ያስቀምጣል። የጠፋውን ገጽ አድራሻ እዚያ ብናስገባ የድሮው ቅጂ ሊገኝ ይችላል። እኛም የምንፈልገው ገጽ ከመጥፋቱ በፊት ቅጂ እንዲያዝለት ማድረግ እንችላለን።

ሰ. በእኛ ዘንድ እንዴት ይሠራበት?

በአገራችን ሠልጣኙም መምህሩም ፋይልና ሊንክ የሚለዋወጠው በአብዛኛው በቴሌግራም ነው። ቴሌግራም ለዕልባት ተብሎ የተሠራ አይደለም። አዲሱ መልእክት አሮጌውን ወደ ላይ እየገፋው ይሄዳል። መስከረም ላይ የተላከ የትምህርት መርጃ ኅዳር ላይ በበዓል ሰላምታና በስብሰባ ማስታወቂያ ተቀብሮ ይገኛል። ነገር ግን ከዴሊሸስ የተማርነውን ሥርዓት ብንጨምርበት ጥሩ መዝገብ ይወጣዋል። እስቲ ሁለት አላላክ እናወዳድር።

የመጀመሪያው፦ «ይሄን እዩት፣ ምርጥ ነው!» ከሥሩ ባዶ ሊንክ።

ሁለተኛው፦

ርዕስ፦ የክፍልፋይ መግቢያ፤ ፌት ከተባለው የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ቦልደር ድረ ገጽ።
ምን አለው፦ ክብን፣ አራት ማዕዘንንና ኬክን እኩል እየከፋፈሉ ክፍልፋይን በዓይን የሚያሳይ መለማመጃ።
ለማን፦ ክፍልፋይ ለሚጀምሩ የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች።
ማሳሰቢያ፦ ፋይሉ አንዴ ከወረደ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። መጀመሪያ አንድ ዳቦ በክፍል ውስጥ ቆርሶ ማሳየት፣ ከዚያ ይህን ማስከተል ይሻላል።
መለያ፦ #ሒሳብ #ክፍልፋይ #የትምህርት_መርጃ

የመጀመሪያውን ለመላክ አምስት ሴኮንድ፣ ሁለተኛውን ለመላክ አምስት ደቂቃ ይፈጃል። ዳሩ ግን የመጀመሪያው በ40 ሰው ስልክ ላይ 40 ጊዜ ተከፍቶ 40 ሰው ዳታውን ጨርሶ «ለእኔ አይሆንም» ሊል ይችላል። ሁለተኛው ግን ሊንኩ ቢሞት እንኳን ሐሳቡ ይተርፋል። መምህሩ ዳቦውን ቆርሶ፣ ክቡን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሥሎ ማስተማር ይችላል። እንግዲህ የማካፈል ፍሬው ያለው በአድራሻው ላይ ሳይሆን በማስታወሻው ላይ ነው።

ከዚህ በመነሣት እያንዳንዱ የጥናት ቡድን የሚከተሉትን ቢያደርግ ይጠቀማል።

1. ለሊንክና ለፋይል ብቻ የሚሆን አንድ የተለየ ቻናል ወይም ግሩፕ መክፈት፤ ጨዋታና ሰላምታ በሌላው ይሁን።

2. መለያ ቃላትን በአንድ አጻጻፍ ወስኖ ዝርዝሩን በቻናሉ አናት ላይ መለጠፍ።

3. ያላነበቡትንና ያልመረመሩትን አለመላክ፤ የሚልኩትንም ቢያንስ በሁለት ዓረፍተ ነገር ማስረዳት።

4. በሕግ ማውረድ የሚፈቀደውን አውርዶ ማስቀመጥ፤ አድራሻ ብቻ ይዞ ወደ ገጠር አለመሄድ።

5. በወር አንድ ጊዜ ተረኛ መድቦ ሊንኮቹን መፈተሽና ዝርዝሩን ገልብጦ ማስቀመጥ። ቴሌግራም በኮምፒውተር ሲከፈት የቻናሉን መልእክቶች ወደ ፋይል ማውጣት ያስችላል። ብራውዘሮችም ዕልባቶቻችንን በአንድ ፋይል ያወጡልናል። ፋይሉ በፍላሽ ተቀድቶ ከሁለት ሰዎች ዘንድ ይቀመጥ።

6. የተማሪዎችን ስም፣ ፎቶና ውጤት በጋራ መዝገብ ውስጥ ፈጽሞ አለማስገባት። ለጋራ የወጣ ነገር ማን ዘንድ እንደሚደርስ አይታወቅም።

የጥናት ጽሑፍ የሚያዘጋጁ መምህራንና ሠልጣኞች ደግሞ በ2006 የተጀመረውንና ያለ ክፍያ የሚገኘውን ዞቴሮ የተባለ ፕሮግራም ቢሞክሩት መልካም ነው። የምንጮችን ዝርዝር በራሱ በኮምፒውተሩ ላይ ስለሚይዝ ኢንተርኔት ሲቋረጥም መሥራት ይቻላል። ለቡድን የጋራ መዝገብም ይከፍታል።

ማጠቃለያ

ከላይ እንደተመለከትነው ማኅበራዊ ዕልባትን ያስጀመሩት ድረ ገጾች ብዙዎቹ ዛሬ የሉም። ያስተማሩን ነገር ግን አልተዘጋም። ያገኙትን በግልጽ ቃል መሰየም፣ ለምን እንደሚጠቅም መጻፍ፣ ለሌላው ክፍት ማድረግና ቅጂውን በእጅ መያዝ ማንም ኩባንያ የማይሸጠውና የማይዘጋው ልማድ ነው። በአማርኛ አንድ ጉዳይ ሲቋጭ «እልባት አገኘ» እንላለን። በስልካችን ውስጥ ተበትኖ ያለው የትምህርት መርጃም እልባት የሚያገኘው ከመመረቃችን በፊት ቁጭ ብለን ስንሰይመውና ስናደራጀው ነው።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. «ጂኦግራፊ» የሚለው ቃል በስንት ዓይነት አጻጻፍ ሲጻፍ አይታችኋል? ለቡድናችሁ የትኛውን ትመርጣላችሁ?

2. ባለፈው ወር ከተላከላችሁ ሊንክ አምስቱን መርጣችሁ ክፈቱ። ስንቱ ይሠራል? ለእያንዳንዱ በአምሳያው መሠረት ማስታወሻ ጻፉለት።

3. ብዙ ሰው የተቀባበለው፣ ነገር ግን ሲመረመር ስሕተት ሆኖ የተገኘ የትምህርት መርጃ አጋጥሟችኋል? ስሕተቱን በምን ዘዴ አወቃችሁ?

4. ቴሌግራም ነገ ቢዘጋ ከቡድናችሁ መዝገብ ምን ያህሉ በእጃችሁ ይቀራል?